ሰው በሌለበት የማይከፈት ደብዳቤ

ታምፔሬ፣ ፊንላንድ
መስከረም 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለመምህር ዐብዱልመሊክ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እርስዎና እህትዎ፣ አያቴ ሐሚዳ፣ እንደምን ከርማችኋል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እዚህ ቅጠሉ መርገፍ ጀምሯል፤ ፀሐይዋም ሥራውን እንደሚጠላ ሠራተኛ ዘግይታ ገብታ ቀድማ ትወጣለች።

ዛሬ የምጽፍልዎ እርዳታ ፈልጌ ነው። ከመሥሪያ ቤቴ ሥራ ውጪ ከጥቂት ሰዎች ጋር ሆነን አንድ የኢሜይል ፕሮግራም ልንሠራ አስበናል፤ ደብዳቤ የሚነበብበት፣ የሚጻፍበትና የሚቀመጥበት። ኔትወርክ እየመጣ ለሚሄድባቸው ሰዎች የታሰበ ነው፤ በአማርኛ፣ ኢንሻአላህ በራሳችን በሐረሪዎች ቋንቋ በጌይ ሲናንም ይሠራል። ክፍት ምንጭ ነው፤ ማለትም ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ኮድ ማንም ሰው ማየት፣ መውሰድና ማረም ይችላል። ባለቤት የለውም። አንድ መስመር ኮድ ከመጻፋችን በፊት ግን ዕቅድ ያስፈልገናል፦ ማን ይጠቀምበታል? ምን ይቸግረዋል? ምን ይፈልጋል? የተማሪን ስሕተት በቀይ ብዕር አሳድደው ካልያዙ እንቅልፍ የማይወስድዎ ሰው ስለሆኑ እርስዎን መረጥኩ።

አያቴ በስልክ ስታወራ እንደማይሰማት፣ በስልክ ፊቷን ማሳየትም ነውር ነው እንደምትል አውቃለሁ። ስለዚህ የእሷን ወሬ የማገኘው ከእርስዎ ደብዳቤ ብቻ ነው። አንድ ነገር ልለምንዎ። እሷን የሚመለከት ክፉም ሆነ ደግ ነገር ቢኖር ሳይውል ሳያድር ይጻፉልኝ። አባቴ የሞተ ጊዜ «ፈተናዋን ትጨርስ» ተብሎ ወር ሙሉ ተደበቀብኝ። እሱ አፈር ውስጥ ሆኖ እኔ ስበላና ስስቅ የከረምኩበት ያ ወር እስከ ዛሬ ያመኛል። እንዳይደገምብኝ።

ልጅዎ ዓቢር


ሐረር፣ ፈላና በር
ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዓቢር፣

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ባለሽበት ይጠብቅሽ፤ ብርዱን ያቅልልሽ። እኔ ደህና ነኝ። ሐሚዳም ደህና ናት፤ ትናንት የተሰጣውን በርበሬ አላገላበጥክም ብላ እስከ ዙሁር ሶላት ስትቆጣኝ ነበር።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ባነበብኩት ቁጥር ግን ግራ መጋባቴ ጨመረ። እንደ ልማዴ በቅደም ተከተል ልጠይቅሽ።

አንደኛ፣ ባለቤት የለውም ብለሻል። በጁገል ግንብ ውስጥ ባለቤት የሌለው ነገር ድመት ብቻ ነው፤ እሱንም ሥጋ ሻጮቹ «የእኔ ነው» ይባባሉበታል። ሁለተኛ፣ ማንም ያርመዋል ብለሻል። ያረመውንስ ማን ያርመዋል? ሦስተኛ፣ ይህ ሁሉ ሰው ያለ ደመወዝ የሚደክመው ምን አግኝቶ ነው? አራተኛ፣ ኢሜይል አሁንም አለ፤ ይኸው እየጻፍኩልሽ ነው። ያለውን ነገር እንደገና መሥራት ለምን አስፈለገ?

ጥያቄዎቹን ለሐሚዳ ጮክ ብዬ አነበብኩላት።

«ልጅቱ እርዳኝ አለችህ እንጂ ፈትነኝ አለችህ?» አለችኝ።

«ያልገባኝን ነገር እንዴት አድርጌ ላቅድ?»

«ጡረታ ወጥተህም ሰው መፈተን አልለቅ አለህ! ዝም ብለህ ጻፍላት። ብይ በላት፤ ከስታለች።»

«መክሳቷን ማን ነገረሽ?»

«ለእኔ ደግሞ ይነገረኛል?»

ይኸው ጽፌልሻለሁ። ብይ ብላሻለች።

አጎትሽ ዐብዱልመሊክ


ታምፔሬ
ጥቅምት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

የአላህ ሰላም በቤታችሁ ይሁን። የአያቴን ቁጣ ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ፤ እየበላሁ ነው ብለው ይንገሩልኝ።

ለጥያቄዎችዎ፦ አንድ ሰው የጻፈውን ሌሎች ሁለት ሰዎች ያዩታል፤ ካልተስማሙበት አይገባም። ከእነሱ አንዱ እዚሁ ከተማ የሚኖር ማርኩ የሚባል ፊንላንዳዊ ነው። ደግ ሰው ነው፤ ቃል ግን ይቆጥባል። እንደገና መሥራት ለምን አስፈለገ ላሉት፣ አምና መብራት ሲጠፋ የጻፉት ደብዳቤ አብሮ ጠፍቶብዎ እንደ አዲስ መጀመርዎን ረሱት? ያ እንዳይሆን ነው። ያለ ደመወዝ ለምን ይደክማሉ ላሉት ግን፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ እኔም በደንብ አላውቀውም። ደስ ይለናል።

ውይይቱ የሚካሄደው ማንም ሊያነበው በሚችል ገጽ ላይ ነው፤ ሊንኩን ልኬልዎታለሁ። በአማርኛ ይጻፉበት፤ እኔ እተረጉመዋለሁ።

የመኖሪያ ፈቃዴ በእድሳት ላይ ነው፤ መልሱ እስከ ሚያዝያ ይመጣል ብለውኛል። እስከዚያ ከአገሩ ብወጣ መመለሴ አጠራጣሪ ነው። ፈቃዱ በእጄ እንደገባ ግን መጥቼ አያቴ እግር ሥር ቁጭ እላለሁ።

ባለፈው የለመንኩዎን ነገር አልመለሱልኝም። ምናልባት ሳያዩት አልፈውት ይሆናል። ሳይውል ሳያድር፣ ነው ያልኩት።

ዓቢር


ሐረር
ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዓቢር፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ፤ አላህ ሥራሽን በረካ ያድርግልሽ።

ገጹ ላይ ገባሁ። በጣም ደነገጥኩ። ሰዎቹ እንደምን አደርክ ሳይባባሉ «ይህ ስሕተት ነው» ብለው ነው የሚጀምሩት። በክፍሌ ውስጥ እንዲህ የተናገረ ተማሪ ቢኖር ውጪ ቆሞ ይጨርስ ነበር። ስለዚህ በቅድሚያ ለሁሉም በየስማቸው ሰላምታ አቀረብኩ፤ የልጆቻቸውንና የወላጆቻቸውን ጤና ጠየቅኩ፤ ዱዓ አድርጌ ጨረስኩ። በማግሥቱ ብመለስ የጻፍኩት የለም። ማን ወሰደው?

አንድ ነገር ግን ገባኝ። ይህ የእናንተ ነገር አፎቻ ነው። እኛ ለሰርግና ለሐዘን በማኅበራችን እንደምንሰባሰበው ማለቴ ነው፤ ድንኳኑ የማን ነው ተብሎ አይጠየቅም፤ መጥቶ ያልሠራ ግን ይጠየቃል። እናንተ የምትሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ከሐምሌ ጀምሮ ድምፁ የጠፋ አንድ ሰው ገጹ ላይ አይቻለሁ፤ ከዚያ በፊት ሐሳብ የሚያበዛ ሰው ነበር። ማን ሄዶ ጠየቀው? ታሞ ቢሆንስ?

ዕቅዱን በተመለከተ ያሰብኩትን እጽፋለሁ። መብራትም ኔትወርክም ቢጠፋ የተጀመረ ደብዳቤ ባለበት ይቆይ፤ የመጣ ደብዳቤም ይነበብ። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ይጻፍ። ፊደሉ ዓይን ለደከመ ሰው ይስፋ። ለመላክ የምንጫነው ቦታና ለማጥፋት የምንጫነው ቦታ ጎን ለጎን አይሁኑ፤ ይህን ያደረገ ሰው ጣቱ የሚንቀጠቀጥ ዘመድ የለውም። ደብዳቤ የጻፈን ሰው በአባቱም በአያቱም ስም መፈለግ ይቻል። በመጨረሻ፣ አንዳንድ ደብዳቤ ተቀባዩ ብቻውን ሳለ አይከፈትለት። አጠገቡ ሰው እስኪኖር ይቆይ።

ሐሚዳ ደህና ናት። ሰላም ብላሻለች።

አጎትሽ ዐብዱልመሊክ


ታምፔሬ
ኅዳር 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጤናዎን አላህ ያብዛልዎ።

ሰላምታዎን ያጠፋው ማርኩ ነው፤ ማስታወቂያ መስሎት። ስተረጉምለት በጣም አፍሮ መልሶ አስቀመጠው። ከሥሩም እንዲህ ብሎ መልሶልዎታል፦ «እናቴ ደህና ናት። ወገቧን ያማታል።» ካወቅኩት ጀምሮ ስለ ራሱ ሲናገር ይህ የመጀመሪያው ነው። ድምፁ ለጠፋውም ሰው ጻፍንለት፤ ልጅ ወልዶ እንቅልፍ አጥቶ ነው።

ያቀረቧቸው ሐሳቦች በሙሉ ተቀባይነት አግኝተዋል፤ ከመጨረሻው በቀር። እሱ ሁላችንንም ግራ አጋብቶናል። ማርኩ «ደብዳቤን ከባለቤቱ የሚደብቅ የደብዳቤ ፕሮግራም የተበላሸ ፕሮግራም ነው» ይላል። እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። ለማን ነው ይህ? ምን ዓይነት ደብዳቤ ነው? ፕሮግራሙስ አጠገቤ ሰው መኖሩን በምን ያውቃል?

ደግሞ አያቴ በዚህ ሳምንት ምን ብላ ተቆጣችዎ? «ደህና ናት፤ ሰላም ብላሻለች» የሚለው የእሷ ዓይነት ወሬ አይደለም።

ዓቢር


ሐረር
ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዓቢር፣

ሰላምታዬ በያለሽበት ይድረስሽ። መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ኔትወርኩም ጊዜውም አልተመቸኝም።

ጥያቄሽ ተገቢ ነውና ላስረዳ። በእኛ ዘንድ መርዶ ለአንድ ሰው ብቻውን ሳለ አይነገርም። ማለዳ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ፣ የሚያከብራቸው ሰዎች ተሰብስበው ሄደው ነው የሚነግሩት። ሲወድቅ የሚይዘው እጅ ይኖራል፤ ምሳውን የሚያበላው ሰው ይኖራል። አሁን ግን የአቦከር ሰፈሯ ዐዚዛ የወንድሟን ሞት ሽዋበር ላይ ባጃጅ ውስጥ ሆና ስልኳ ላይ አነበበችው። ባለ ባጃጁ የት እንደሚያወርዳት ግራ ገብቶት ከተማውን ሲዞር ቆየ። ስልኩ ደብዳቤውን አደረሰ፤ ሥራውን በትክክል ሠራ። እኔ ግን ስሕተት እለዋለሁ።

አሠራሩ እንዲህ ሊሆን ይችላል። ላኪው ደብዳቤውን ለሁለት ሰው ይልካል፤ ለባለቤቱና ለአጠገቡ ሰው። ያ ሰው ሄዶ «አለሁ» ሲል ያን ጊዜ ለባለቤቱ ይከፈታል። ማርኩ ደብዳቤ ይደበቃል የሚለው ትክክል አይደለም። ይቆያል እንጂ አይደበቅም።

ለዕቅዱ ምሳሌ ያስፈልጋልና አንቺን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። በአጠገብሽ ማን አለ? ጎረቤትሽ ማን ይባላል? ከአገር ሰው የሚቀርብሽስ? የአቦከሩ የአቶ ጌታነህ ልጅ ብሌን ሄልሲንኪ ነርስ ሆና እንደምትሠራ ሰምቻለሁ። አባቷን አግኝቼ አድራሻሽን ሰጥቼዋለሁ።

ሐሚዳ ሰላም ትልሻለች።

አጎትሽ ዐብዱልመሊክ


ታምፔሬ
ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

ደብዳቤዎን ማርኩ ሁለት ጊዜ እንድተረጉምለት ጠየቀኝ፤ ከዚያ «አላውቅም» አለ። እሱ አላውቅም ሲል ሰምቼው አላውቅም። ገጹ ላይ ሰዉ ለሁለት ተከፍሏል። አንዷ የእናቷን ሞት ያወቀችው ደረጃ ላይ ቆማ መልእክት ስታነብ ነበርና ከእርስዎ ጋር ቆማለች።

እኔ ግን ይበልጥ ግራ ገባኝ። ጎረቤቴ ውሻ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ሊፍት ውስጥ በአንገት ሰላም እንባባላለን፤ ስማቸውን አላውቅም። ከአገር ሰው የሚቀርበኝ የለም። መለስኩልዎ። አሁን እርስዎ ይመልሱልኝ፦ ይህ ጥያቄ ለዕቅዱ ነው ወይስ ለእኔ?

አያቴ የተናገረችውን አንድ ቃል፣ አንድ ስድብ እንኳ ይጻፉልኝ።

ዓቢር


ሐረር
ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዓቢር፣

አላህ ይጠብቅሽ። ለዕቅዱ ነው። ኔትወርኩ ደካማ ስለሆነ አላስረዝምም። የቀን አቆጣጠሩን በተመለከተ የጳጉሜን ወር እንዳትረሱ። ሐሚዳ ሰላም ትላለች። እየበላች ነው ወይ ብላ ጠይቃለች።

አጎትሽ ዐብዱልመሊክ


ታምፔሬ
ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለመምህር ዐብዱልመሊክ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ዛሬ ሰላምታ ማብዛት አልችልም።

ዛሬ ቅዳሜ ማለዳ፣ ውጪው ገና ድቅድቅ ጨለማ ሳለ የቤቴ በር ደወል ጮኸ። ከፈትኩ። ሁለት ሴቶች ቆመዋል፤ አንዷን አላውቃትም፤ ሁለቱም ጥቁር ሻሽ ተከናንበዋል። ሌላኛዋን በአባቷ መልክ ለየኋት፤ የአቶ ጌታነህ ፊት ነው። ብሌን። «እንደምን አደርሽ፣ ዓቢር» አለችኝ ቀስ ብላ።

አጎቴ፣ በዚያ ሰዓት፣ ሁለት ሆነው፣ ከሌላ ከተማ፣ ተከናንበው! እንዴት እንደጮህኩ አላውቅም። መሬት ላይ ነበርኩ።

ብሌን ቦርሳዋን ጥላ አቀፈችኝ። «ማን ነው? ማን ሞተብሽ?» አለች።

«አንቺ ንገሪኝ እንጂ!» አልኳት።

«እኔማ ምን አውቄ!»

ከእሷ ጋር የመጣችው ሳዳ የምትባል የእኛው የሐረር ልጅ ናት፤ እሷም «እኔን! እኔን!» እያለች ማልቀስ ጀመረች። እነሱ ለቅሶዬን አይተው አለቀሱ፤ እኔ ለቅሷቸውን አይቼ አረጋገጥኩ። ሽማግሌው ጎረቤቴ ከነውሻቸው ወጡ። ሦስታችንንም ተራ በተራ አዩን፤ ተመልሰው ገብተው አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዘው መጡና ለማን እንደሚሰጡት ግራ ገብቷቸው ቆሙ።

ብዙ ቆይቶ ነው የገባን። ብሌን ማታ ተረኛ ስለሆነች በመጀመሪያው ባቡር መጥታ በቀን ለመመለስ ነበር ያሰበችው። ሻሹ ለብርዱ ነው። ሐልዋ ይዛልኝ ነው የመጣችው! እንባችንን ጠርገን ሐልዋውን በላን፤ ሳዳ ሳቋን መያዝ አቅቷት ከወንበር ልትወድቅ ነበር። እኔም ሳቅኩ።

ከዚያ ግን ጠየቅኳት። «አጎቴ ለምን ላኩሽ?»

«አባቴ ‘ሄደሽ ተዋወቂያት፣ ስልክ ተቀያየሩ’ ስላለኝ ነው» አለች።

«ለምን አሁን?»

ብሌን ነርስ ናት፤ መዋሸት የለመደች ሰው አይደለችም። ቁርጡን ባታውቅም የጠረጠረችው ነገር አለ፤ ዓይኗን ከእኔ አንሥታ የተረፈውን ሐልዋ መቁረጥ ጀመረች።

ለዕቅዱ ነው ብለውኝ ነበር። ከእንግዲህ ስለ ዕቅድ አንድ ቃል አልጽፍልዎትም። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ። አያቴ ምን ሆናለች?

ዓቢር


ሐረር
ጥር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ዓቢር፣

ወዐለይኪ ሰላም።

ሐሚዳ በሕይወት አለች። ይህን አስቀድመሽ አንብቢና ተንፍሺ።

ታማለች። ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ነው። መጀመሪያ እግሯ አበጠ፤ ከዚያ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። ሐኪሙ ልቧ ደክሟል አለ። መድኃኒት ትወስዳለች፤ አንዳንድ ሳምንት ይሻላታል፤ አንዳንዱ ይከብዳታል። ድሬዳዋም አዲስ አበባም አልሄድም ብላለች። ምን ያህል ጊዜ አላት ብዬ ጠየቅኩት። ወራት ሊሆን ይችላል፤ ሳምንታትም ሊሆን ይችላል፤ ማንም ቁርጡን አይነግርህም አለኝ። እንደዚያ ያለ መልስ ፈተና ላይ ቢጻፍ ዜሮ እሰጠው ነበር፤ ግን ሰውየው ያለው እውነት ነው።

እንዳልነግርሽ የከለከለችኝ እሷ ናት። «ፈቃዷ እጇ ሳይገባ ብትተነፍስ ወንድሜ አይደለህም» አለችኝ። የመጣች እንደሆነ መመለሻ ታጣለች፤ የደከመችበት ሁሉ ከንቱ ይሆናል ትላለች። እኔ ደግሞ በእሷ ቃልና በአንቺ ልመና መካከል ተያዝኩ። ለአንዳችሁም ሳልዋሽ የማልፍበትን መንገድ ስፈልግ ዕቅዱን አገኘሁ። አጠገብሽ ሰው ይኑር፤ ያ ቀን ቢመጣ ብቻሽን አይድረስብሽ ብዬ ነው ብሌንን የፈለግኩት። በማለዳ እንደምትመጣ አላወቅኩም። ወላሂ አላወቅኩም። ለአቶ ጌታነህ ደብዳቤሽን ባነበብኩለት ጊዜ ራሱን ይዞ ቁጭ አለ።

ነይም አትነይም አልልሽም። ፈቃዱን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ሳታውቂ ግን ልትመርጪ አትችይም፤ ሳላሳውቅሽ ደግሞ እኔ መረጥኩልሽ ማለት ነው። ይህን ለማየት ሦስት ወር ፈጀብኝ።

ይህን ስታነቢ ብቻሽን እንደሆንሽ አውቃለሁ። ለብሌን ቀድሜ አልነገርኳትም፤ አንቺ እንደጠየቅሽው ለአንቺ ብቻ ጻፍኩት። ልክ መሥራቴን አላውቅም።

አጎትሽ ዐብዱልመሊክ


ታምፔሬ
ጥር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ደብዳቤዎን ወጥ ቤቴ ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። ብቻዬን ነበርኩ። የመጀመሪያውን መስመር እንዳሉኝ አንብቤ ተነፈስኩ። ከዚያ አለቀስኩ፤ ከዚያ ዳቦ በላሁ፤ እንደገና አለቀስኩ። ከዚያ ለብሌን ደወልኩ። ማንም አልላካትም፤ እኔው ነኝ የጠራኋት። ከሥራ ወጥታ መጥታ ሶፋዬ ላይ ተኛች።

ተቆጥቻለሁ፤ አልደብቅዎትም። «ለዕቅዱ ነው» ያሉኝን ቃል ለመርሳት ጊዜ ይፈጅብኛል። ግን የጻፉልኝ እርስዎ ነዎት፤ ሌላ ማንም እውነቱን አልነገረኝም።

እመጣለሁ። ስለ ፈቃዱ የሚያውቅ ሰው ጠየቅኩ፤ ከውጪ ሆኜ ማመልከት እንደምችል፣ መመለሴ ግን እርግጠኛ እንዳልሆነ ነገረኝ። እንደ ሐኪምዎ ነው፤ እሱም ቁርጡን አይናገርም። እዚህ ቁጭ ብዬ ወረቀት ስጠብቅ እሷ ብትሄድ ወረቀቱን ምን አደርገዋለሁ? እሷ ግን ትቆጣለች። ትቆጣ። ቁጣዋን ፊት ለፊት መስማት እፈልጋለሁ።

ዕቅዱን ለማርኩ አስረክቤዋለሁ። ያን የመጨረሻውን ሐሳብ ከዕቅዱ አወጣሁት፤ ቅር አይበልዎ። ማርኩ ግን በፊት ይቅር ሲል የነበረውን ሐሳብ አሁን አይውጣ ብሎ ይከራከራል። «አጎትሽ አሳምነውኛል፤ አንቺ ታወጪዋለሽ፤ እኔ ምን ላድርግ?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። ለእናቱ ወገብ ዱዓ እንዲያደርጉላት ይጠይቃል።

የካቲት 6 ድሬዳዋ እደርሳለሁ፤ ከዚያ በመኪና። መንገድ ላይ ሳለሁ የሆነ ነገር ቢሆን ይጻፉልኝ። ሰው አይላኩብኝ።

ልጅዎ ዓቢር


ሐረር፣ ፈላና በር
የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዓቢር፣

ወዐለይኪ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ በሰላም ያግባሽ።

እንደምትመጪ ለሐሚዳ ነገርኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። ሾርባውን ስሰጣት ትቀበለኛለች፤ ሳህኑን ስትመልስ ግን ለእኔ ሳይሆን ለመደቡ፣ ለነደባው፣ ነው የምታስረክበው። ዛሬ ጠዋት ድንገት «የሷ ክፍል ምንጣፍ ተራግፏል?» አለች። ለማን እንደተናገረች ግራ ገብቶኝ ዞር ብዬ አየሁ። ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም።

አሁን በጥንቃቄ አንብቢ። የአፎቻችን ሴቶች በሽተኛ ሊጠይቁ በየቀኑ እየመጡ ነው። ረመዳን ሳይገባ ሁሉም ልያት ስለሚል ግቢው ይሞላል። በራችን ላይ ጫማ ተደርድሮ፣ ሴቶች ተሰብስበው ታያለሽ። ያን ስታዪ ልብሽ እንዳይቆም። ጠያቂዎች ናቸው፤ ለቀስተኞች አይደሉም። አንቺ በምትገቢበት ቀን ቀርተው በማግሥቱ ይምጡ ብዬ ነበር፤ «በሽተኛ ጥየቃ ቀጠሮ ያስፈልገዋል?» ብለው ስቀውብኝ ሄዱ። ስለዚህ የምችለው ይህን አስቀድሞ መጻፍ ብቻ ነው።

አንቺ መንገድ ላይ ሳለሽ ክፉ ቢመጣ በዚያው ሰዓት እጽፍልሻለሁ፤ አውሮፕላን ማረፊያም ሁኚ፣ መኪና ውስጥም ሁኚ። ቃሌን ሰጥቼሻለሁ። ከልማዳችን ውጪ ነው፤ እኔም እስከ አሁን ሙሉ በሙሉ አልተስማማኝም። ግን የጠየቅሽኝ አንቺ ነሽ፤ ደብዳቤውም የአንቺ ነው። ማርኩንም ግራ አታጋቢው፤ አጎትዬው ራሱ ገና አልወሰነም በይው። ለእናቱ ዱዓ አድርጌያለሁ።

እዚህ ላይ ስደርስ ሐሚዳ ምን እየጻፍክ ነው አለችኝ። ጆሮዋ አጠገብ ሆኜ ከላይ ጀምሬ አነበብኩላት። ከላይ ስለ እሷ «ትንሽ ደከም ብላለች፤ ከቤት አትወጣም» የሚል አንድ መስመር ጽፌ ነበር። እሱ ላይ ስደርስ አስቆመችኝ።

«ትንሽ ደከም ማለት ምን ማለት ነው?» አለችኝ።

«እንዳትደነግጥ ብዬ ነው።»

«ስትገባ አይታኝ ትደንግጥ? አንተን ብሎ አስተማሪ! አጥፋው። መራመድ አቅቷታል በል።»

«እሺ።»

«ተሸክመው ነው የሚያወጧት በል።»

«እሺ አልኩሽ፣ ሐሚዳ።»

«ስድብ ግን አልረሳሁም በላት። ፈቃዷን ጥላ ለምትመጣ ልጅ አዘጋጅቼላታለሁ።»

ስለዚህ መስመሩን አጥፍቼ አርሜዋለሁ። መራመድ አቅቷታል። ተሸክመን ነው የምናወጣት። አእምሮዋ ሙሉ ነው። እየጠበቀችሽ ነው።

አጎትሽ ዐብዱልመሊክ